ግመሊት የተሸከመችው

ይህን የምጽፍላችሁ እንድታምኑኝ አይደለም። እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ "ይቺ ሴትዮ እንቅልፍ አጥታለች" ብዬ አልፈው ነበር።

ግን ሆኗል። በእኔ ላይ ሆኗል።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ዝናብ ያጨቀየው የኮረኮንች መንገድ ላይ፣ በገዛ መኪናዬ ውስጥ...

መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ጥቅል ጨርቅ፣ የመጋረጃ ብረትና መሰላል ጭኜ ከቤት ቤት ስዞር እውላለሁ። መኪናዬ ከፍ ያለች፣ ኋላዋ ሰፊ የሆነ ኤስዩቪ ናት። ድሮ ጨርቅ ስቆልልባት ቂጧን መሬት ላይ ጥላ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ትቀስር ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ቀለም ቀቢ ነበር። ከመወጣጫ ላይ ወድቆ እግሮቹ ከከዱት ወዲህ ግን ዋናው ጭነቴ እሱ ሆነ። ጭነት ስለው ይስቃል። ከጨርቅ እሻላለሁ፣ እኔ ቢያንስ አወራለሁ ይለኛል። እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ እሱ ለእኔ፣ እኔ ለእሱ ነን። በዚህ ዓለም ላይ ሌላ ሰው የለኝም።

ጋሽ ነፋሱ የምንላቸው መካኒክ አሉ። ሥራቸው ሁሉ ከአየር ጋር ስለሆነ ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ወንድሜን ተሸክሜ ወደ መኪናው ሳስገባ ወገቤ ሊቆረጥ መድረሱን ያዩት እሳቸው ናቸው። የኋላውን ሞላ አወጡና በምትኩ በአየር የሚነፉ ሁለት የጎማ ከረጢቶች ገጠሙልኝ። ከመሪው አጠገብ አንድ ቁልፍና የአየሩን ግፊት በቀስት የምታሳይ አንዲት ጌጅ አደረጉ።

ቁልፉን ወደ ታች ስጫነው አየሩ "ጢስስስ" ብሎ ይወጣና የመኪናዋ ኋላ ዝቅ ይላል። እንደ ድልድይ ሳንቃ ዘርግቼለት ወንድሜ ዊልቸሩን በራሱ እጅ እየገፋ ይገባል። ማንም አያነሳው፣ ማንም አያዝንለት። ወደ ላይ ስጫነው ደግሞ አየር የሚነፋው ኮምፕሬሰር "ድርርር" ይልና ኋላዋ ቀና ይላል። ከዚያ በኋላ ነገሩን ለእሷ መተው ነው። ጭነት ሲጨመር አየር ትጨምራለች፤ ጭነት ሲቀነስ አየር ትተነፍሳለች።

ስለምትንበረከክ ወንድሜ "ግመሊት" አላት።

የኋላውን በር ከመዝጋቴ በፊት ሁሌ "ገባህ?" እለዋለሁ። "ገባሁ" ይለኛል። ያኔ ቁልፉን እጫናለሁ። የጌጇ ቀስት የት ላይ እንደምትቆም በዓይኔ ለምጄዋለሁ። የባዶ ቦታዋን አውቃለሁ፣ የእሱን ቦታም አውቃለሁ።

ያን ቀን ወንድሜ በትኩሳት እየነደደ ነበር። ከመቀመጥ ብዛት የወጣበት ቁስል አመርቅዞ፣ እኔም ቀላል ነው ሲለኝ አምኜው፣ ምሳ ሰዓት ላይ ንግግሩ ተወላገደ። የሰፈራችን ክሊኒክ ሐኪም ገና ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሩጪ፣ መሽቶ እንዳያገኝሽ አለኝ።

አምቡላንስ ደወልኩ። መንገዱ የት እንደሆነ ሲሰሙ ጭቃ ስለሆነ አንገባም አሉኝ።

ከጎረቤት ጋር ተሸክመን ፍራሽ ላይ አስተኛነው። "ገባህ?" አልኩት ከልምድ የተነሳ። መልስ አልሰጠኝም። በሩን ዘግቼ ኋላዋን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩና ወደ ጭቃው ገባሁ።

እውነቱን ልናገር፣ ያ አየር ባይኖር ግማሽ መንገድ ላይ እንቀር ነበር። ሌላው መኪና ሆዱን እየፋቀ በቆመበት ጭቃ ግመሊት ዘላ አለፈች። ጉድጓዱን ሁሉ እየዋጠችልኝ ወንድሜ ፍራሹ ላይ እንኳን አልተንገጫገጨም። ጋሽ ነፋሱን በልቤ እየመረቅኩ፣ ፈጣሪን ደግሞ እየለመንኩ ነዳሁ።

ከዚያ...

"ጢስስ።"

በጣም ትንሽ ድምፅ ነበረች። ጌጇን አየሁ። ቀስቷ ከእሱ ቦታ ትንሽ ወርዳለች።

ከረጢቱ ተቀደደ ብዬ ደነገጥኩ። እየነዳሁ ጋሽ ነፋሱ ጋ ደወልኩ።

"ኋላዋ ወርዷል?" አሉኝ።

"አልወረደም ጋሼ።"

"ኮምፕሬሰሩስ ይጮሃል?"

"አይጮህም። አየር እየለቀቀች ነው።"

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ቢቀደድ ኖሮ ኋላዋ ይወርድ ነበር። ኮምፕሬሰሩም ይጮህ ነበር። ጭነትሽ እየቀለለ ነው... የወደቀብሽ ዕቃ አለ?" አሉኝ።

በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። በሩ ዝግ ነው። ወንድሜ ፍራሹ ላይ ነው። ብርድ ልብሱም እስከ አገጩ ድረስ እንደለበሰው ነው።

"ወንድሜ ብቻ ነው ያለው" አልኳቸው።

"ንጂ" አሉኝ በሹክሹክታ። "ዝም ብለሽ ንጂ።"

"ጢስስ።"

ቀስቷ ወረደች።

"ጢስስ... ጢስስ..."

ነዳጁን ይበልጥ ረገጥኩ። ሆስፒታሉ ገና ሩቅ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ወንድሜ ዓይኑን ከፍቶ ጣሪያውን ያያል። አይርገበገብም። ቀስቷ የባዶ ቦታዋ ላይ ልትደርስ አንድ ጣት ያህል ቀርቷታል።

አልቻልኩም። መኪናዋን መሀል መንገድ ላይ አቆምኩ። ከጭቃው ጋር እየታገልኩ ወደ ኋላ ሮጥኩና በሩን ከፈትኩት።

ክንዱን ያዝኩት። ተነስቶ መጣልኝ... ልክ ክንድ እንደሌለበት እጅጌ። ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ያነሳሁ ሴት ነኝ፣ ክብደት በእጄ አውቃለሁ። ያ ክንድ ባዶ ነበር።

እሪ አልኩ። የሚሰማኝ አልነበረም። መንገዱም፣ ማሳውም ጭር ብሏል። ወንድሜን በትከሻው ይዤ እያናወጥኩ ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ሰደብኩት።

"የትም አትሄድም። ጥለኸኝ አትሄድም። ተመለስና ግባ። ገባህ?"

"ተረዳኸኝ?" ማለቴ ነበር። አፉን ከፍቶ "ገባኝ" እንዲለኝ ነበር የፈለግኩት።

"ገባሁ" አለ አንድ ድምፅ።

ከአፉ አልነበረም። የወንድሜ ከንፈር አልተንቀሳቀሰም። ድምፁ የመጣው ከጀርባዬ፣ ከመንገዱ ዳር ነበር። ዞር አልኩ። ማንም የለም። እርጥብ ሣር ብቻ ነው።

ግመሊት በአንዴ ሰጠመች። ኮምፕሬሰሩ ጮኸ። ቀና ማለት ስትጀምር ደግሞ እንደገና ሰጠመች፤ ሁለተኛው ግን ቀስ ያለ ነበር፣ የተኛ እንዳይቀሰቅስ ተጠንቅቆ እንደሚገባ ሰው ያለ።

ለምን ሁለቴ ብዬ አልጠየቅኩም። በዚያች ሰዓት ማን ይጠይቃል? ወንድሜ ዓይኑን አርገበገበ፤ እኔ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

"ንጂ" አለኝ። ምላሱ ጥርት ብሎ።

እያለቀስኩ፣ እየሳቅኩም ነዳሁ።

ሆስፒታል ደረስን። በአልጋ ተቀብለው አስገቡት። መኪናዋን ላቆም ስመለስ ጌጇን አየሁ። ወንድሜ ሲወርድ ቀስቷ ዝቅ ብላለች፣ ግን ባዶ ቦታዋ ላይ አልደረሰችም። ፍራሽ ብቻ የቀረባት መኪና የወንድሜ ቦታ ላይ ቆማለች።

ሐኪሞቹ ተገረሙ። ትኩሳቱ ባንድ ሌሊት ለቀቀው። ቁስሉ ይደርቅ ጀመር። እድለኛ ነሽ አሉኝ፣ እኔም ነኝ አልኩ። ግን ወንድሜ አይቀልድም። "እታለም" ብሎ ሲጠራኝ የኖረ ልጅ፣ አሁን ምንም ብሎ አይጠራኝም። ዝም ብሎ ያየኛል። ከዚያ ይጠይቀኛል።

ቤታችን ስንት ክፍል ነው? በየት በኩል ነው የሚኬደው? የበሩን ቁልፍ የት ነው የምታስቀምጪው?

ነርሷ የትኩሳቱ ርዝራዥ ነው፣ ታገሺውና አስታውሺው አለችኝ። አስታወስኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ሾርባ በማንኪያ እያጎረስኩት፣ መንገዱን ከነመታጠፊያው ነገርኩት። የበሩን ቀለም ነገርኩት። ቁልፉ ያለበትን ሳይቀር ነገርኩት።

መኪናዋን ጋሽ ነፋሱ ጋ ወሰድኳት። ከረጢቱን በሳሙና ውኃ አሹት፣ አንዲት አረፋ አልወጣችም። ጌጇን ፈትተው በሌላ ቀየሩ። አዲሲቱም ያችው ቦታ ላይ ቆመች። ፍራሹን አወጡት፤ ቀስቷ ለስሙ ያህል ነው የወረደችው። በመጨረሻ ራሳቸው ከኋላ ገብተው ቁጭ አሉ። ቀስቷ በእሳቸው ክብደት ልክ ወጣች። ሲወርዱ ተመልሳ የወንድሜ ቦታ ላይ ቆመች።

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ጨርቁን ከእጃቸው ሳያወርዱ ጆሮዬ አጠገብ መጥተው፣ "ባዶ አይደለችም፣ ልጄ" አሉኝ። ፍራሹን ወደ ቦታው መልሰው ወደ ጋራዣቸው ገቡ።

ወንድሜ ከሆስፒታል የሚወጣበት ቀን ረፋዱ ላይ ፀሐይ ነበር። ነርሷ ከቤት ያመጣሁለትን ዊልቸር እየገፋች እስከ ግቢው በር አደረሰችልኝና ተመለሰች። ግመሊትን አንበረከክኩ። በሩን ከፍቼ ሳንቃውን ዘረጋሁ።

አልተንቀሳቀሰም። እጆቹ ጭኑ ላይ ናቸው። የመኪናዋን ውስጥ ያያል።

"ግባ እንጂ" አልኩት።

"በሌላ እንሂድ" አለኝ በሹክሹክታ።

"ለምን?"

"ሞልታለች።"

በሩን ይዤ ቆምኩ። ወደ ውስጥ ለማየት ፈራሁ፤ ላለማየትም ፈራሁ። ፍራሹ ባዶ ነው። ግን መሀሉ ጎድጉዷል፣ ሰው ሲተኛበት እንደሚጎደጉደው።

ከዚያ ባዶ ፍራሽ ላይ፣ በጣም የደከመ፣ በጣም የማውቀው ድምፅ መጣ።

"እታለም... እኔ እኮ ያኔውኑ ገብቻለሁ። ሌላው ቀድሞኝ ቦታዬን ይዞብኝ ነው። ዝጊውና እንሂድ።"

አለቀስኩ። ያሳደግኩት ገላ ከኋላዬ ዊልቸር ላይ ተቀምጧል፤ ያጠብኩት እግር፣ የቆረጥኩት ጥፍር፣ ያከምኩት ቁስል። ከፊቴ ያለው ደግሞ ክብደት ብቻ ነው። የሚታቀፍ ነገር የለውም። ወንድሜ የትኛው እንደሆነ ግን ልቤ አላጣውም።

ሳንቃውን ጎትቼ ወደ ውስጥ ወረወርኩ። በሩን ዘጋሁ። ሮጬ መሪው ላይ ተቀመጥኩና ቁልፉን ወደ ላይ ተጫንኩ።

"ድርርር..."

ግመሊት ቀና አለች። ነዳሁ። የት እንደምነዳ አላውቅም ነበር፤ ዛሬም አላውቅም፤ ይህን የምጽፍላችሁ መንገድ ዳር ቆሜ ነው። ያን ቀን ከግቢው ስወጣ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ።

ከዊልቸሩ ተነስቶ በሁለት እግሩ ቆሟል። ልብሱን አራገፈ። ዊልቸሩን አጠፈና በብብቱ ሥር ያዘው።

ከዚያ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ቤታችን በሚወስደው መንገድ መራመድ ጀመረ።