የባዱ ሞላዎች

የሰደበኝ የጋራዡ አለቃ፣ ማስተር ንቲም ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ከፋሲካ በፊት በነበረው ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ኩማሲ ከተማ ሱዋሜ ጋራዥ ሰፈር፣ ሰባት ሰው እየሰማ።

አልረሳሁም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ግን ማንም አያምነኝም። እናንተም ባታምኑ አልቀየማችሁም... እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

የሹፌሩን የባዱን ሚኒባስ ፍሬን ሸራ እየቀየርን ነበር። ንቲም ትንንሾቹን ሞላዎች አወጣና ወረወራቸው።

ሞላዋ የጣት ርዝመት ያላት ሽቦ ናት። ሹፌሩ እግሩን ከፍሬን ሲያነሳ ሸራውን ከዲስኩ የምታላቅቀው እሷ ናት። ከሌለች ሸራው እየታከከ ይግላል... ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይከዳል።

መልሰን እንግጠማቸው አልኩ።

«ከሦስተኛ ክፍል የቀረህ ሰውዬ፣ እኔን ልታስተምር ነው?» አለ። «ይሄ የፋብሪካ ጌጥ ነው። ለሚስትህ ጉትቻ አድርግላት... ካገኘህ።»

ሰባቱም ሳቁ። ሞላዎቹን ከመሬት ለቅሜ በጨርቅ ቋጠርኳቸው።

ባዱ በማግስቱ ማምፖንግ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ከድቶት ሞተ። ንቲም ደግሞ ፍሬኑን የገጠመው አፍሪዬ ነው ብሎ አወራ። አፍሪዬ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ፍሬን የሚያሠራኝ ጠፋ። የበር ቁልፍ እየጠገንኩ እዚያው ንቲም ግቢ ጥግ ቀረሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር... ንቲም «ሞላውን የጣልኩት እኔ ነኝ» እንዲል።

ያለፈው እሑድ፣ ቀን ስድስት ሰዓት።

ሰፈሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ ብቻዬን ቀዝቃዛ ኬንኬዬን፣ የበቆሎ ሊጥ ቅቅሌን፣ እበላለሁ። ሰው ካናገርኩ ሦስት ቀኔ ነው።

አንድ ሚኒባስ ገባ። የሞተር ድምፅ አልሰማሁም።

ሹፌሩ አልወረደም። ፊቱን የመስታወቱ አቧራ ጋርዶታል።

አቧራው ከውስጥ በኩል ነበር...

«ማስተር» አለኝ በሹክሹክታ። «ሞላዎቼን ግጠምልኝ።»

እኔን ማስተር ብሎ የጠራኝ ሰው ባዱ ብቻ ነው።

መሮጥ ነበረብኝ። ግን ሥራ ያመጣልኝ ሰው ነው... ክሪኩን አስገባሁ።

በዚያ ፀሐይ ኮፈኑ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ዲስኩ ግን ይፋጃል። የጣቴን ቆዳ ላጠው፤ እስከ ዛሬ አልዳነም።

አዲስ ሸራ አስገብቼ ያኔ በጨርቅ የቋጠርኳቸውን ሞላዎች አንድ በአንድ ገጠምኩ።

«በቃ፣ ሂድ» አልኩት።

«የሚሞክረው ይምጣ...» አለ ሹፌሩ።

የሰፈራችን ወግ ነው። ፍሬኑ የተሠራ መኪና፣ የግቢው ማስተር አብሮ ተሳፍሮ ሳይሞክረው አይወጣም። ያን ሐሙስ ግን ንቲም ምሳው እንዳይቀዘቅዝበት ብሎ ቀርቶ ነበር።

ንቲም ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ከቤተ ክርስቲያን መጣ። በእኔ ግቢ ያለ እኔ ማን ፍሬን ሠርቶ ያወጣል ብሎ አምባረቀብኝ።

አንድ ዕድል ሰጠሁት።

«ማስተር... የባዱን ሞላ የጣለው ማን ነው?»

«አሁንም እሱ ላይ ነህ? አንተው ነሃ» ብሎ ሳቀ። ፍሬኑን ሊሞክር በሩን ከፍቶ ገባ።

ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ። ጎማዎቹ ግን አይዞሩም...

ንቲም አንገቱን በመስኮት አወጣ። ሳቁ የለም።

«አፍሪዬ...» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄ ሹፌር እግሩ የት አለ?»

ዕቃዬን አነሳሁ።

ሚኒባሱ ይዞት ወደ ማምፖንግ መንገድ ሲታጠፍ፣ እኔ ወደ ቤቴ ሄድኩ።