ወደ ግራ ያዘነበለው ስፌት

«ይኼማ ሶፋ ነው!» አሉ ኖርም። ሦስት ቁጥር የተለጠፈበትን የጥይት ዝናር ከጠረጴዛው አንስተው ጠርዙን በቢላዋ ጫፍ ፋቅ አደረጉት። ከቡናማው ቆዳ መሃል ሰማያዊ ቢጤ ግራጫ ብቅ አለ። «አያችሁ? በኬሚካል የለፋ ነው! የድሮዎቹ ፈረሰኞች የታጠቁት በዛፍ ቅርፊት የለፋ ቆዳ ነው። የማን ቤት ሶፋ ነው የተቀደደው እባካችሁ?»

ልጆቹ ሳቃቸውን ለቀቁት። አንገስ የሚባለው ልጅ ጆሮው ደም መሰለ።

«ተበላህ!» አለው አንዱ በክርኑ እየጎሸመ።

ቲጋን አልሳቀችም። ዓይኗ ሰባት ቁጥር ላይ ተተክሎ ቀርቷል።

ኖርም ዕድሜ ልካቸውን ኮርቻ ሲሰፉ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። በዚህች የአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ከተማ ሚስተር ብሎ የሚጠራቸው የለም፤ ለትልቁም ለትንሹም ኖርም ናቸው። የከተማዋ የፈረስ ክለብ ሰዎች በየዓመቱ በኤፕሪሉ የዘማቾች መታሰቢያ ቀን እንደ ጥንቶቹ ፈረሰኞች ለብሰው ሲሰለፉ አንዲት ፈረስ ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ይተዋሉ። የሚቀመጥባትም በገዛ እጁ የሰፋው ዝናር ከጥንቱ አልለይ ያለ ልጅ ነው። ዝናሮቹ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም። ስለ ራሱ ሥራ አፉን የከፈተ ደግሞ ወዲያው ከውድድሩ ይወጣል።

ቲጋን በኦገስት አሥራ ስድስት ዓመት ይሞላታል። ዘንድሮ ካልሆነ መቼም አይሆንም።

ሰባት ቁጥር የዊላ ነው። ዊላን ወደ ክለቡ ያመጣቻት ደግሞ ራሷ ቲጋን ናት። ወስፌ አያያዙን፣ ክሩን በሰም ማሸቱን፣ አንዱን ቀዳዳ በሁለት መርፌ ከሁለት ወገን መስፋቱን በእነ ቲጋን ቤት ጋራዥ ውስጥ አንድ በአንድ አሳየቻት። መጀመሪያ ሰሞን ዊላ ጣቷን እየወጋች «ወይኔ እናቴ!» ስትል ሁለቱም በሳቅ ይፈርሱ ነበር። በሁለተኛው ወር ግን ሳቁ ቆመ። ቲጋን ሁለት ዓመት የለፋችበትን ሙያ ዊላ በአንድ ክረምት ጨረሰችው።

«የዊላን ስፌት አየሽልኝ?» አለች የቲጋን እናት አንድ ማታ። «እንዴት ያምራል ባክሽ!»

ቲጋን የቀረበላትን የበግ ጥብስ ሳትነካው ተነሳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዊላን ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። ታስጠላኛለች እንዳትል ጓደኛዋ ናት። ብቻ ቅናት ነው፤ ራሷም ታውቀዋለች።

ኖርም ሰባት ቁጥርን አነሱት። አሸተቱት፣ አጠፉት፣ የውኃ ጠብታ ጣል አድርገው ቆዳው ሲጠቁር ተመለከቱ። «ቆዳውስ ልክ ነው» አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ስፌቱን ሲያዩ ግንባራቸው ተቋጠረ።

«እዚህ አገር በእጁ የሚሰፋ ሁሉ ከእኔ የተማረ ነው። የሁላችንም ክር ወደ ቀኝ ነው የሚያዘነብለው። ይኼ ወደ ግራ ሄዷል። ደግሞ እኩልነቱን እዩልኝ! የፋብሪካ ሥራ ነው፤ በኢንተርኔት የተገዛ።» ዝናሩን የወደቁት ወደተጣሉበት ሣጥን ወረወሩት።

ዊላ ልትናገር ስትል ደንቡ ትዝ አላት። ትምህርት ቤት በቀኝ እጇ ነው የምትጽፈው፤ ስትሰፋ ግን ግራኝ ናት። ይህን ከቲጋን በቀር እዚያ የሚያውቅ አልነበረም። ዊላ ዞራ አየቻት። ልመና አልነበረም አስተያየቷ። ምስክሯ አጠገቧ ስለቆመ የተረጋጋች ትመስላለች።

ቲጋን ይኼ አናደዳት። ‹ምን ታየኛለች? ጠበቃዋ ነኝ እንዴ?›

ኖርም አራት ቁጥርን አነሱ። የቲጋን ነው።

«ይኼ ጎበዝ ነው! እታች ያለው ኪስ ላይ ክሩ ላላ ብሏል፤ ግን የእጅ ሥራ ነው። አሪፍ ነው።»

ቲጋን አልዋሸችም እኮ፤ ዝም ነው ያለችው። የተሳሳቱት ራሳቸው ኖርም ናቸው። ላባ የተሰካበት ባርኔጣ አድርጋ ፈረሷ ላይ ጉብ ስትል ታያት፤ ዊላ ደግሞ ከመንገዱ ዳር ከሕዝቡ ጋር ቆማለች። ስንት ሌሊት ያለመችው ነው፤ ደስ አላት።

ዊላ ግን በዚያ ሐሳብ ውስጥ አላኮረፈችም። እጇ እስኪቀላ እያጨበጨበች ነበር። የምር ቢሆንም እንደዚያው ታደርጋለች፤ ቲጋን ታውቃታለች።

«እንግዲህ የዘንድሮዋን ፈረስ የሚጋልበው...» ኖርም አራት ቁጥርን ከፍ አደረጉ።

«ኖርም!» አለች ቲጋን። «ግራኝ ሰው ሲሰፋ አይተው ያውቃሉ?»

«ግራኝ?» ሽማግሌው አሰቡ። «አላውቅም። ምነው?»

«ክሩ ወዴት ያዘነብላል ብዬ ነው።»

ኖርም ዝናሩን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው አየር ላይ በባዶ እጃቸው መስፋት ጀመሩ። ቀኙን አስቀደሙ። ከዚያ ግራውን አስቀደሙ። እጃቸው ቆመ።

«ማን ነው ግራኙ?»

«እሱን መናገር አይፈቀድም» አለች ቲጋን።

ኖርም አራት ቁጥርን ጠረጴዛው ላይ መልሰው ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አሉ።

ዊላ ልጆቹን እየገፋች መጥታ የቲጋንን እጅ ልትይዝ ስትል ቲጋን እጇን ኪሷ ከተተች። ቅናቱ ገና አልለቀቃትም።

«ዛሬ አታናግሪኝ» አለቻት በሹክሹክታ። «ነገ ጋራዥ ነይ።»