በግራው የሚመታው የወንዝ ሰው

በ1908 ዓ.ም.፣ በሚያዝያ ወር መጨረሻ፣ የክላር ወንዝ በረዶ በአንድ ማለዳ እንደ መድፍ እየጮኸ ተሰነጠቀ፤ የብርዱን ወራት ሙሉ ከቬርምላንድ ደን ተቆርጦ ዳርና ዳር ተከምሮ የከረመው ግንድ ሁሉ ነቅነቅ አለ፤ ወንዙም ያን ሁሉ ተሸክሞ ቁልቁል ወደ ሌርኖስ ወረቀት ፋብሪካ መንጎድ ጀመረ።

በዚያው ቀን የፋብሪካው ሠዓሊ ወይዘሪት አልፍሂልድ የተጠቀለለ ወረቀት አቅፋ ግንዱን በወንዙ እየነዱ ወደ ፋብሪካው ወደሚያወርዱት ነጂዎች ጎጆ መጣች። የፋብሪካው ጌታ ፓትሮን ፌርስኔር ለወንዙ ሰዎች የላኩት ስጦታ ነበር፤ በየከተማው ሊለጠፍ የታተመው የፋብሪካው ማስታወቂያ። ሥዕሉ ላይ ኔክ አለ። ኔክ ማለት ከፏፏቴው ሥር ራቁቱን ተቀምጦ ቫዮሊን የሚመታው የወንዙ መንፈስ ነው፤ እሷ ታዲያ ከቫዮሊኑ መምቻ ደጋን ሥር በውሃ ፈንታ ነጭ ወረቀት እየፈሰሰ እንዲወርድ አድርጋ ሥላዋለች። ለፊቱ ደግሞ ከነጂዎቹ አንዱን፣ በሰርግ ሁሉ ቫዮሊን የሚመታውን ኤሎፍን፣ በየካቲት አስቀምጣ ነበር የሣለችው። ደስ ሲለው ለማየት ነው ራሷ ይዛ የመጣችው።

ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።

«እንዴ፣ ኤሎፍ አይደለም እንዴ ይሄ?» አለ አንዱ። «ሱሪህን የት ጣልከው አንተ?»

«አንተ ተበድረህ አልመለስከውም እኮ» አለ ኤሎፍ።

ተሳሳቁ። አለቃቸው ሃልቫር ብቻ አልሳቀም። ጠጋ ብሎ አየና ቆቡን አወለቀ።

«ደጋኑን በየትኛው እጁ ነው የያዘው?» አለ።

ሳቁ ጠፋ። ደጋኑ በግራ እጁ ነበር።

በዚህ ወንዝ ላይ ሰው ቫዮሊን የሚመታው በቀኙ ነው፤ በግራው የሚመታ ኔክ ያስተማረው ነው ይባላል፤ ኔክ ደግሞ ያስተማረውን አንድ ቀን ይጠራዋል፤ ሲጠራ የተጠራውን እጁን ይዞ ያስቀረ ሰው በፈንታው ይሄዳል። ይሄን የማያውቅ ነጂ የለም።

አልፍሂልድ ፊቷ ነጣ። «የኔ ስህተት ነው» አለች። «የምሥለው ድንጋይ ላይ ነው፤ ወረቀቱ ድንጋዩ ላይ ሲጫን ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ይወጣል። ሁልጊዜ በመስታወት እያየሁ ገልብጬ ነው የምሠራው። ያን ቀን ጥድፊያ ነበር፤ የፋብሪካውን ስም ገልብጬ ጻፍኩ፤ የሱን እጅ ረሳሁት። ኤሎፍ በቀኙ እንደሚመታ እናንተም ታውቃላችሁ።»

«እናውቃለን» አለ ሃልቫር ቀስ ብሎ። «ግን ወይዘሪት፣ የፋብሪካው ስም ሳይሳሳት የሱ እጅ ብቻ ለምን ተሳሳተ?»

ኤሎፍ ሊያስቃቸው ቫዮሊኑን አነሣና በቀኙ የዳንኪራ ዜማ መታ፤ ማንም እግሩን አላነሣም።

በማግስቱ አልፍሂልድ ፓትሮን ፌርስኔር ቢሮ ገባች። «ጌታዬ፣ ማስታወቂያው ይሰብሰብ። ኤሎፍንም ግንዱ እስኪያልፍ ፋብሪካ ውስጥ ያሠሩት፤ ወንዝ ላይ ከሱ ጋር የሚቆም ሰው አጥቷል።»

«በየባቡር ጣቢያው ተለጥፎ አልቋል እኮ፣ ወይዘሪት። እጅ ማን ያያል?»

«ወንዝ ላይ ያሉት ያያሉ።»

«ወንዝ ላይ ያሉት ወረቀት አይገዙም» አሉና ደወሉን ነካ አድርገው ቀጣዩን እንግዳ አስጠሩ።

በሦስተኛው ቀን ከፏፏቴው በላይ ግንዱ ተቆላልፎ ወንዙን ዘጋው። እንዲህ ሲሆን አንድ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ ክምሩ ላይ ይወጣል፤ ቁልፍ የሆነችውን ግንድ ፈልጎ ይነቅላል፤ ክምሩ ሲናድ ጓደኛው ከዳር ሆኖ ይጎትተዋል። ተራው የኤሎፍ ነበር። አልፍሂልድ ማስታወቂያውን ከጎጆው ልታወርድ መጥታ ኖሮ፣ ነጂዎቹ ሥዕሉን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረውት አገኘች። ወደ ወንዙ ወረደች።

ኤሎፍ የገመዱን ጫፍ ይዞ ጓደኞቹ ፊት ቆሟል። ሁሉም የየራሱን ጫማ ያያል።

«ምነው? ገመዱ ይናከሳል እንዴ?» አለ።

ሃልቫር ግን አሥራ አንድ ዓመት ያሠራው አለቃው ነው፤ መጣና ተቀበለው።

«እኔም ከኋላህ ገመዱን ልያዝ» አለች አልፍሂልድ።

«ያንቺ እጅ የሠራው ይበቃል» አላት ሃልቫር፤ ሳይቆጣ።

ኤሎፍ መንጠቆውን ይዞ እንደ ሚዳቋ እየዘለለ ክምሩ መሐል ደረሰ፤ አንዷን ግንድ ነቀነቀ፤ ደግሞ ነቀነቀ። ክምሩ አቃሰተ። ከዚያ ወንዙ ሁሉ አንድ ላይ ተነሣ፤ ኤሎፍ ወደ ዳር ሦስት ዝላይ ዘለለ፤ በአራተኛው ዝላይ በሁለት ግንዶች መካከል ውሃ ውስጥ ገባ። ገመዱ ተወጠረ። ሃልቫር ተረከዙን ድንጋይ ላይ ተክሎ ያዘ፤ የኤሎፍ ራስ ከውሃው ወጣ፤ ወደነሱ አየ፤ አፉን ከፈተ። ድምፁ በፏፏቴው ጩኸት አልተሰማም።

ያኔ የሃልቫር እጆች ተከፈቱ። አልፍሂልድ ከአጠገቡ ነበረች፤ አንድ በአንድ ጣቶቹ ሲፈቱ አየች። ዘልላ የገመዱን ጫፍ ስትይዘው መዳፏን ልጦ አለፈ።

«ጠራው» አለ ሃልቫር።

«አንተ ነህ የለቀቅከው።»

ውሃውን እያየ «ልጆች አሉኝ» አለ።

የወረዳው ሹም መጥተው መዝገባቸው ላይ ገመዱ ከእጅ አመለጠ ብለው ጻፉ፤ አልፍሂልድ ያየችውን ስትነግራቸው የተላጠውን መዳፏን አዩና ሴቲቱ በጣም ደንግጣለች ብለው ጨመሩበት። ነጂዎቹም ሥዕሉ አስቀድሞ ነግሮን ነበር አሉ፤ ወሬው በየባቡር ጣቢያው ዞረ፤ ሰው ማስታወቂያውን ሊያይ ይጋፋ ጀመር፤ የሌርኖስ ወረቀት እንደዚያ ዓመት ተሸጦ አያውቅም። አልፍሂልድ ድንጋዩን በአሸዋ ፈጭታ ሥዕሉን አጠፋችና ከፋብሪካው ወጣች። ፓትሮን ፌርስኔር ግን በሌላ ሠዓሊ እጅ እንደገና አሣሉት፤ ሠዓሊውንም አንድ ነገር ብቻ አዘዙት፤ እጁን አስተካክል አሉት።

ዛሬ በከተማችን ቤተ መዘክር በመስታወት ውስጥ የተሰቀለው ያ ሁለተኛው ነው። ሥሩ የፋብሪካው ስምና ዓመቱ ተጽፏል፤ የሠዓሊዋም የኤሎፍም ስም የለም። ቀርቦ ላየው ሰው ምንም የጎደለው የለም፤ ወረቀቱ ይፈሳል፤ ውሃው ነጭ ነው፤ ያ የሚያምር ሰው ደጋኑን በቀኝ እጁ ይዟል።