የዶክተር ታዲዮስ አስተዋይ ቅንጣቶች

የቡና ነጋዴው ሠረቀብርሃን፣ ጨለለቅቱ ከሚገኘው የቡና ማጠቢያ ጣቢያው ቢሮ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ከፊቱ አንድ ብርጭቆ ሙሉ የስኳር ውሃ ነበር። ብርጭቆውን ያቀረበው ሸሪኩ ባህሩዲን በመሆኑ ወዲያው ካቴና ገባለት።

ኢንስፔክተር ሸዋነሽ ከዲላ ደረሰች።

«ስኳር ለምን አስፈለገ፣ አቶ ባህሩዲን?»

«ላብ አጥምቆት ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቴም እንደ እሱ የስኳር ሕመም ነበረባት፤ ስኳር ሲወርድ ምልክቱን አውቀዋለሁ። ጠጣልኝ ብዬ ለመንኩት። አልጠጣም ብሎ ራሱን ነቀነቀ።»

የሟቹ ሐኪም ታዲዮስ ለዓመታት ውጭ አገር ኖሮ የተመለሰ፣ ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው ነበር።

«ሕክምናዬ ለእናንተ ይረቅባችኋል። ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሱ ናኖ ቅንጣቶች ናቸው። ደም ውስጥ ስኳር ሲጨምር ብቻ ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን ይለቃሉ፤ አለዚያ ተኝተው ይጠብቃሉ። ዛሬ ባለሀብቶች ውጤቱን ሊያዩ ስለሚመጡ ጠዋት ወጋሁት፤ ከፊቴም ቁርሱን በላ። ይልቅ ያን ብርጭቆ መርምሩ!»

«ምን በላ?»

«እንቁላል ፍርፍር፣ ከወተት ጋር።»

ሸዋነሽ አመሰገነችው፤ ቦርሳውንም አስፈተሸች። ከዚያ ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበች።

«ወይዘሮ ጥሩብርሃን፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» ስትል የሟቹን ሚስት ጠየቀች።

«የነነዌ ጾም ሁለተኛ ቀን። ባለቤቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምስም። እንቁላል! ጠላቶቹም እንዲህ አያሙትም።»

«የስኳሩን ውሃ ያልጠጣው ስለዚህ ነው፤» አለች ሸዋነሽ። «ያልተጠጣ ብርጭቆ ደግሞ አይገድልም። የቁርሱ ወሬ ያስፈለገው ለእርስዎ ነው፣ ዶክተር። ቅንጣቶችዎ እንዳሉት ቢሆኑ ኖሮ፣ በባዶ ሆድ ሰው ደም ውስጥ ተኝተው በቀሩ፣ እሱም በዳነ። ሰውየው ግን ሞቷል። የወጉት ተራ ኢንሱሊን ነው። ስያሜው የተፋቀ የኢንሱሊን ብልቃጥ ቦርሳዎ ውስጥ ተገኝቷል። ዛሬ ለሚመጡት ባለሀብቶች ስኳሩ ሲወርድ ሊያሳዩ መጠኑን አበዙት፤ ይበላል ብለው። የነነዌ ቀን በየዓመቱ እንደሚለዋወጥ ባሕር ማዶ ኖረው ረሱት።»

«ታዲያ መጾሙን ማን ነገረኝ?» ብሎ ጮኸ ታዲዮስ።

የቁርሱን ወሬ በገዛ አፉ አፈረሰው። የተናገረውን የሰማው ከሁሉም በኋላ ነበር።

«ይህ ሳይንስ እኮ ነገ ዓለምን ይለውጣል፤» አለ፣ ድምፁ ወርዶ።

«ይለውጥ ይሆናል። ሳይንሱን ማን ከሰሰው? ሌሎች ለነገ በሚደክሙበት ሳይንስ ስም እርስዎ ዛሬ ነገዱበት።»

ካቴናው ከባህሩዲን እጅ ወጥቶ ወደ ሐኪሙ እጅ ተሻገረ። ባህሩዲን ግን ከቦታው አልተነሣም።

«ጥሩዬ፣ አስገድጄ ባጠጣው ኖሮ...»

«ሠረቀን አታውቀውም? ጾሙን አይፈታልህም ነበር፤» አለችው ጥሩብርሃን። «ተነሣ ይልቅ። አብረን ወደ ቤቱ እንውሰደው።»