የባንኮክ በሶ

«የተከበራችሁ የመካነ ኢየሱስ ከተማና የአካባቢዋ ነዋሪዎች! ቀጥሎ የሚሰማውን መርዶ በጽሞና ታዳምጡ ዘንድ በታላቅ አክብሮት እንጠይቃለን። የጡረተኛው የመምህር ይስማው ንብረት የሆነ፣ አንገቱ በጠፍር የታሰረ አንድ አቁማዳ የጾም በሶ ከኅዳር ጽዮን ዋዜማ ጀምሮ የገባበት አልታወቀም። ያየ፣ የሰማ ወይም የቀመሰ ለፖሊስ ይጠቁም!»

ድምፁ የተሻገር ነው፤ የመምህሩ የቀድሞ ተማሪ፣ የተሳላሚ ጉዞ መሪና ሾፌር። ድምፅ ማጉያው ከቅጥቅጥ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ታስሯል። ሕዝቡን ወደ ግሸን፣ ወደ ላሊበላ፣ ወደ ድጓ ቤቷ ቤተ ልሔም እየጠራ የኖረ ማጉያ፣ ዛሬ ለበሶ ጮኸ።

ገበያተኛው ቆሞ ሰማ። ከዚያ ሳቀ። ከቀትር በፊት በሶው ስም ወጣለት፦ የባንኮክ በሶ።

ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣም። መምህር ይስማው ቅዳሜ ማለዳ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ሊነሡ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል። የሜኮንግን ወንዝ በጠመኔ ከተራራው አንሥተው ባሕሩ ድረስ ሺህ ጊዜ አፍስሰውታል። ራሳቸው ግን ከጣና ሌላ በጀልባ የሚኬድበት ውኃ አይተው አያውቁም።

ጡረታ ሲወጡ እሳቸው ተመኙ፤ ተሻገር አቀደ። የባንኮክ ቤተ መቅደሶች። የቺያንግ ማይ የእጅ ባለሙያዎች መንደር። ማለዳ ማለዳ ለልመና የሚሰለፉት የሉዋንግ ፕራባንግ መነኮሳት። የሳፓ የሩዝ እርከን። የሃኖይ አሮጌ ሰፈር፣ የሆይ አን ፋኖሶች፣ መጨረሻ ላይ የአንኮር ፍርስራሽ። የጉዞ ማኅበሩ አባላት ሁለት ናቸው፤ መሪና ተመሪ።

ጉዞው በገና ጾም ላይ ዋለ። የመምህሩ ባለቤት ወይዘሮ ዓለምጸሐይም አቋማቸውን በይፋ አሳወቁ፦ ያለ በሶ ከዚህ ቤት የሚወጣ የለም።

አሁን በሶው የለም።

ሳጅን ፋንቱ አልሳቀችም። በሬ ጠፋብኝ፣ ባል ጠፋብኝ የሚል ብዙ ሰምታለች። ለበሶ ብሎ ጣቢያ ድረስ የሮጠ ሰው ግን አታውቅም። ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ሮጠው ነበር የመጡት። በአንድ እግራቸው ጫማ፣ በሌላው ሸበጥ አድርገው።

ከወይዘሮዋ ጋር ማድ ቤታቸው ገብታ በሩን ዘጋችው።

«እትዬ፣ በሶው ውስጥ ምን ነበር?»

«ገብስ ነዋ!»

«ከገብሱ ሌላ?»

ወይዘሮ ዓለምጸሐይ የነጠላቸውን ጫፍ ጠመዘዙ።

«ፓስፖርቱ።»

«ምን?»

«በፌስታል ጠቅልዬ መሐሉ ላይ ቀብሬዋለሁ። ሌባ ሲገባ ቁም ሣጥን ነው የሚበረብር፣ ፍራሽ ነው የሚገለብጥ። በሶ ውስጥ እጁን ምን ሊያደርግ ይከታል ብዬ!»

«ቲቸር ያውቃሉ?»

«ኧረ አያውቅም! ሻንጣው ውስጥ ይመስለዋል።»

ፋንቱ ተነፈሰች። «እንግዲህ ካልተገኘ ሌላ እስኪያወጡ ለከርሞ ማስተላለፍ ነው።»

«ከርሞ የለም እኮ፣ ፋንቱዬ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ግላኮማ ነው ብሎታል ሐኪሙ። ዳር ዳሩ ጠፍቶበታል። እንደ ሸምበቆ ቀዳዳ መሐሉን ብቻ ነው የሚያይ፤ እሱም እየጠበበ ነው። ዘንድሮ ያላየውን አያየውም። ‹ለማንም እንዳትነግሪ› ብሎ አስምሎኛል። ይኸው ነገርኩሽ።»

ቀኑ ሐሙስ ነው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አወቀ ነበር፤ የወይዘሮ ዓለምጸሐይ ታናሽ ወንድም። ገበሬ ነው። ጉዞውን በአደባባይ ሲያወግዝ ከርሟል። ፋንቱ አውድማው ላይ አገኘችው።

«አንተ ነህ አሉ ‹ይኼ ሰውዬ እንዳይሄድ አደርገዋለሁ› ያልከው?»

«ብያለሁ! ሰው በውቂያ ሰሞን ገብሱን አውድማ ላይ ጥሎ የሰው ሩዝ ሊያይ ይሄዳል? መንሹን ማን ሊይዝልኝ ነው?»

«ስለዚህ በሶውን ደበቅክ።»

«ኧረ በማርያም! የት እደብቀዋለሁ?»

«ሸጥከዋ።»

አወቀ መንሹን ተመርኩዞ ሳቀ። «የእህቴን በሶ? በእስቴ ምድር ማን ይገዛኛል! ኮረሪማውን አንዴ ያሸተተ ሁሉ የማን እጅ እንደሆነ ያውቀዋል። ገና አፉን ስፈታው ነው የሚያስይዘኝ። ብበላውም እንደዚያው፤ ጢሜ ይመሰክርብኛል።»

ፋንቱ ይችን ልብ አለች። በእስቴ ወረዳ የማይሸጥ፣ በእስቴ የማይበላ በሶ።

ቀጥሎ ዱቄት ተገኘ። ከማድ ቤቱ ኋላ እስከ ጎረቤቲቱ ፈትለወርቅ አጥር ድረስ ተንጠባጥቧል። ፈትለወርቅ እህል ነጋዴ ናት፤ አፏም እንደ ሚዛኗ አይቆምም።

«የሽሮ ዱቄት ነው» አለች ሳትጠየቅ።

ፋንቱ በጣቷ አንሥታ አሸተተችው። «ሽሮሽ ኮረሪማ ገባበት?»

ፈትለወርቅ መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች።

«እሺ። ሁለት እፍኝ ዘግኛለሁ። አውሮፕላን የሚሳፈር በሶ እንዲያው ምን ቢጣፍጥ ነው ብዬ!»

«መቼ?»

«በጽዮን ዋዜማ፣ ረፋዱ ላይ። አቁማዳው ግን ነበር። እኔን የሚያህል አቁማዳ የት አባቴ እሸከመዋለሁ? ተሻገርን ጠይቂው፤ ሳሎን ያለውን የጉዞ ካርታ ሊያይ ሲገባ አፌ ሙሉ እንደሆነ አግኝቶኛል። ‹በርቺ ፈትለ› ብሎኝ አለፈ።»

«ሲወጣስ?»

«ሲወጣ አላየሁትም። እኔ ራሴ እየተሸሸግሁ ነበር።»

ፋንቱ ወደ መምህሩ ቤት ተመለሰች። መምህር ይስማው ሳሎን ውስጥ ከግድግዳው ካርታ ፊት ቆመዋል። አፍንጫቸው ካርታውን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ፋንቱ! አሁን እንኳ ላኦስን ከቬትናም ለየሻት?»

«ያኔም አልለያትም ነበር ቲቸር። በልመና ነው ያሳለፉኝ።»

«በበሶ ሰበብ ቤቴ ፖሊስ ሞላ። ዓለምጸሐይ ምን ነክቷት ነው?»

ፋንቱ ዐይኗን ካርታው ላይ ጣለች። ቀይ ክር በምስማር እየተወጠረ ከከተማ ከተማ ያልፋል።

«ማን ነው የሠራው?»

«ተሻገር ነዋ። ቆንጆ አቃጅ ወጣው! ከባንኮክ ቺያንግ ማይ፣ በሌሊት ባቡር። ከዚያ በመኪና ወደ ድንበሩ። ከዚያ በሜኮንግ ላይ፣ ሁለት ቀን በዝግታ ጀልባ፣ ሉዋንግ ፕራባንግ። አስቢው! ከዚያ ወደ ሳፓ ተራሮች፣ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት በአውቶቡስ።»

«አውሮፕላን የለም እንዴ?»

«አለ፤ አንድ ሰዓት ነው አሉ። ተሻገር ግን ‹ከሰማይ ምን ይታያል ቲቸር? ገጠሩን ከመሬት ሆነን እያየን እንለፍ እንጂ› አለኝ። እውነቱን ነው።»

«ከዚህ አዲስ አበባስ?»

«በአውቶቡስ። በደብረ ታቦር አድርገን።»

«ባሕር ዳር አውሮፕላን እያለ?»

«ገጠሩ…» አሉ መምህሩ፣ አሁን ትንሽ ቀዝቀዝ ብለው።

ፋንቱ ጣቷን በክሩ ላይ አስኬደችው። ከመካነ ኢየሱስ ተነሣ። አዲስ አበባ ደረሰ። ቆመ። ባሕሩ ባዶ ነው። ባንኮክ ላይ ሌላ ክር ይጀምራል።

«እዚህ ጋ ምነው ተዘለለ?»

መምህሩ ተጠግተው ፈለጉት። «ክር አልቆበት ይሆናል።»

የክሩ ጥቅልል አንኮር ላይ ካለው የመጨረሻ ምስማር ተንጠልጥሏል። ቡጢ ያህላል።

ፋንቱ ወጣች። ግቢው መሐል ቆማ ነገሩን አገጣጠመችው። በሶውን የወሰደው ሰው አልራበውም። እዚህ ሊሸጠውም ሊበላውም አይችልም። የጾም እህል ገደል የሚጥል ደግሞ በዚህ ሀገር አልተወለደም። ስለዚህ በሶው ከወረዳው ወጥቷል፤ ከየት መጣ ብሎ የማይጠይቅ ሰው እጅ ገብቷል። በጽዮን ዋዜማ ከእስቴ የወጣ መኪና አንድ ነው፤ ወደ ቤተ ልሔም የሄደ፣ ጣሪያው በተሳላሚ ስንቅ የተሞላ። አንድ አቁማዳ ቢጨመርበት ማን ይቆጥራል?

ተሻገር አደባባዩ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ እያወጀ ነበር። «…የቀመሰ ለፖሊስ ይጠቁም!»

ፋንቱ የመኪናውን በር ከፈተች። «ነዳጅ አለህ?»

«ሙሉ ነው። ወዴት ነው?»

«ቤተ ልሔም።»

ማጉያው እንደተከፈተ ነበር። የተሻገር ምራቅ ሲዋጥ ከተማው ሁሉ ሰማ።

ወደ ቤተ ልሔም የሚወስደው የወገዳ መንገድ ሰውን ብቻ አይደለም፣ ምስጢርንም ያራግፋል። ፋንቱ አልቸኮለችም። ስማዳ ከገቡ በኋላ ነው የጀመረችው።

«አውሮፕላን ተሳፍረህ ታውቃለህ?»

«ምን ጥያቄ ነው? ብዙ ጊዜ!»

«የት የት?»

«ማለቴ… ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ።»

«በሶውን ስትጭን ማን አገዘህ?»

ተሻገር መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። አንድ ጉድጓድ ዘለለ፤ ሁለተኛው ውስጥ ገባ።

«ፋንቱ፣ አብረን ተምረናል፤ ታውቂኛለሽ። ዓባይን ቁልቁል ፍሬኑ በለቀቀ መኪና ወርጃለሁ። መሬት ላይ የሚያስፈራኝ ነገር የለም። እዚያ ላይ ግን መሬት የለም!»

«ታዲያ ምን አባህ ብለህ አቀድክ?»

«ማቀዱ ደስ ይላላ! ሌሊቱን ሁሉ ጀልባውን፣ ገበያውን፣ ማደሪያውን በስልኬ ስፈልግ የሄድኩ ያህል ነበር። ለሰው ሁሉ አወራሁ። ከዚያ የሚነሣበት ቀን መጣ። ተሻገር ፈራ ይባል? የዚህን ሁሉ ተሳላሚ መሪ?»

«በሶውስ?»

«በሶ ከሌለ እትዬ ዓለምጸሐይ አይለቋቸውም። ጉዞው ከፋሲካ ወዲያ ይተላለፋል፤ እስከዚያ አንድ ነገር አላጣም አልኩ። በሶውን ‹ስለት ነው› ብዬ ለድጓ ተማሪዎች ሰጠሁት። እህል አልጣልኩም መቼም!»

«ፓስፖርታቸውንስ?»

«የምን ፓስፖርት?»

ነገረችው። ተሻገር መኪናውን መንገዱ መሐል አቆመው።

«ለ… ለከርሞ እናወጣላቸዋለን። እኔ ራሴ እሮጣለሁ።»

ፋንቱ ወደ እሱ ዞረች። ጣቷን ወደ ዐይኗ አነሣች፤ ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

ተሻገር አያት። ክፍል ውስጥ ሲገቡ በሩን በእጃቸው የሚዳስሱት፣ ካርታውን በአፍንጫቸው የሚያነቡት መምህር ትዝ አሉት። መኪናውን አስነሣ። እስከ ቤተ ልሔም መዝሙሩን አጥፍቶ ነዳ።

የድጓው መምህር መሪጌታ አበጀ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ተማሪዎቻቸውን ዜማ እያስቀጸሉ ነበር። ተሻገርን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«የስለቱ ሰው! እግዜር ይስጥልን። አላቂ አይመስለንም ነበር፤ ትናንት ማታ አለቀ።»

ፋንቱ ቀረብ አለች። «አባቴ፣ በሶው ውስጥ ያገኛችሁት ዕቃ አልነበረም?»

«እንዴታ! ስለቱ ከነባለቤቱ አይደል የመጣው?» መሪጌታ ከቆዳ የመጽሐፍ ማኅደራቸው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። «የሰጪው ሰው ምስልም አለበት፣ ስምም አለበት። አስቡኝ ማለቱ ነው ብለን ጠዋትና ማታ በጸሎት ስናስበው ሰነበትን። ስመ ክርስትናው አለመጻፉ ብቻ ቅር አሰኘን። ‹ይስማው› እያልን ነው የምንጸልይ። መንግሥት እንደዚህ ያለውን ነገር ለምን ይዘነጋል?»

ፋንቱ ፓስፖርቱን ተቀበለች። ቪዛዎቹ አልተነኩም። ታይላንድ ኮረሪማ ኮረሪማ ትሸታለች።

ዓርብ ረፋድ ላይ የመምህሩ ሳሎን ሞላ። ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ፓስፖርቱን ሳሙት፤ በሶ ውስጥ ቀብረውት እንደነበር ለባላቸው ተናዘዙ፤ አለቀሱ፤ መልሰው ሳቁ። ፈትለወርቅ ከራሷ ጎተራ ገብስ አምጥታ ከሌሊት ጀምሮ ስትቆላና ስታስፈጭ ነበር፤ የሁለት እፍኝ ካሣ መሆኑ ነው። አወቀ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያጉረመርማል። ተሻገር በሩ ጥግ አንገቱን ደፍቷል። ሁሉንም ራሱ ተናግሯል፤ ፍርሃቱንም ጭምር። ስለ ዐይን ግን ትንፍሽ አላለም።

«ቲቸር፣» አለች ፋንቱ፣ «ስርቆቱ ታምኗል። ክስ ይመሠርታሉ?»

መምህር ይስማው ፓስፖርቱን ወደ ዐይናቸው አስጠግተው ገጽ በገጽ ገለጡት። ዱቄቱን እፍ አሉት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ። ተሻገር በጠባቧ ብርሃናቸው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ፈለጉት።

«ና ወዲህ። ክሩን ጨርስ።»

ተሻገር ጥቅልሉን ከአንኮር አወረደ። ክሩን አዲስ አበባ ላይ ቋጨው። በባሕሩ ላይ ሳበው። ባንኮክ ሲደርስ ግንባሩ አልቦት ነበር።

«ነገ ማለዳ ሻንጣህን ይዘህ ትመጣለህ። አውሮፕላኑ ላይ በመስኮቱ በኩል የምትቀመጠው አንተ ነህ። ዐይን መጨፈን የለም። ያየኸውን ሁሉ ጮክ ብለህ ትናገራለህ፤ ድምፅ እንደሆን አላነሰህም።»

«እሺ ቲቸር» አለ ተሻገር። ቀና ብሎ አያቸው።

«ወይ ጉድ!» አወቀ ከደጅ ጮኸ። «በሶህን የሰረቀህን ሰው ይዘህ ልትሄድ? እሱስ ይሁን፤ ሠላሳ አራት ዓመት ለጓጓህለት ሀገር መስኮቱን ለሌባ? ለምን?»

መምህር ይስማው ፓስፖርቱን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተው ቁልፉን ቆለፉ።

«ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አስረድቻለሁ» አሉ። «ይችን አላስረዳም።»