በጉም ውስጥ ሰባት ዙር

አቶ ወልደ ሰንበት ሞተው የተገኙት ከሩጫው ሜዳ ጀርባ፣ ከገደሉ ሥር ነው። ኢንስፔክተር ይታይሽ ከወገዳ ተነሥታ ጉልት አምባ ስትደርስ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ ሆኖ ነበር። አንድ ደግ ሰው ጋቢ አልብሷቸዋል፤ አጠገባቸው ግን ማንም አልቆመም። ተማሪዎቹ በየማሊያቸው ከላይ ከአፋፉ ተሰብስበው ቁልቁል ያያሉ።

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ የሚገናኙበት የስፖርት ውድድር በዚያው ቀን አራት ሰዓት ላይ ሊከፈት ነበር። ሟቹ የውድድሩ ጸሐፊና የሩጫ ዳኛ ሆነው አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግለዋል።

ይታይሽ ጋቢውን ገለጥ አደረገች። ከአንገታቸው በገመድ የተንጠለጠለው የሩጫ ሰዓት አልተሰበረም፤ ቁጥሮቹ አሁንም ይሮጣሉ። ሁለት ሰዓት ከአርባ አንድ ደቂቃ ይላል። ከራሷ ሰዓት ጋር አስተያይታ ጻፈች። ቁልፉን ስትነካው የተመዘገበው ዙር ወጣ፤ አንድ ብቻ ነው፤ ስድስት ደቂቃ ከአራት ሰከንድ።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ስማቸው የተባለውን፣ የአስተናጋጁን የስማዳ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነው። እጆቹ በኖራ ነጥተዋል።

«ያገኘኋቸው እኔ ነኝ» አለ። «አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ባጣቸው ፍለጋ ወጣሁ። መቼም ጉሙ ነው ያሳሳታቸው።»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበርክ?»

«ሜዳው ላይ መስመር አሰምር ነበር። ብቻዬን። በዚያ ጉም ውስጥ እንኳን ሌላ ሰው፣ እኔም እጄን አላየው።»

ከጋይንት የመጣችው መምህርት አዜብ ዓይኗ ቀልቷል።

«ለማለዳው ምስክር የለኝም» አለች ሳትጠየቅ። «አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። እዚህ ከመጣሁ ከእሳቸው በቀር ያዋየኝ ሰው የለም።»

«ምን አዋዩሽ?»

«ስለ ሯጫችን ስለ ትዕግስት። ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለተኛ የወጣችው ያለ አግባብ ነው አሉኝ። ትናንት ማታ ነው፤ ‹ነገ ሁሉም ይሰማል› አሉኝ።»

ሦስተኛው ዘመኑ ነው፤ የእስቴዎቹ አሠልጣኝ። ሦስት ዓመት አንደኛ የወጣችው ወለተ ሥላሴ የእሱ ተማሪ ናት።

«እኔ እንኳ አይቻቸው ነበር» አለ። «ልክ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከምግብ አዳራሹ በር ቆሜ። የመስመር ባንዲራ ተሸክመው ወደ ገደሉ ይወጣሉ። ከዚያ ገብቼ ከስማቸውና ከአዜብ ጋር ቁርስ በላሁ። እነሱን ይጠይቋቸው።»

«ምስክር አምጣ አላልኩህም» አለችው ይታይሽ።

ብቻዋን ወደ ሜዳው ወጣች። ጤዛው ገና አልደረቀም። የባሕር ዛፉን ጥግ ዞሮ በገደሉ አፋፍ በሚመለሰው መንገድ ላይ የአንድ ሰው እግር ደጋግሞ አልፏል፤ ትንሽ እግር ነው። ጭቃው ለስላሳ ከሆነበት ጎንበስ ብላ ቆጠረች። ሰባት ጊዜ።

ከዚያ የሟቹን ክፍል አስከፈተች። አንድ ወንበር፣ አንድ ስኒ፣ አንድ ሰሃን። ግድግዳው ግን የሯጮች ፎቶ ሞልቶበታል፤ ከእያንዳንዱ ሥር ስምና ዓመት ተጽፏል። ይታይሽ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የእሷም ቤት እንዲህ ነው፤ የጎደለው ፎቶው ብቻ ነው። ዓይኗ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ሁለት ፎቶዎች ላይ ቆመ። አንዱ የዛሬ ስድስት ዓመት የተነሣ ነው፤ ሥሩ «ፋንታዬ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል» ይላል። ሌላው የአምና ነው፤ «ወለተ ሥላሴ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል» ይላል። በሁለቱም ላይ ያለችው የግራ ቅንድቧን ጠባሳ የሰነጠቀባት ያችው አንዲት ልጅ ናት።

የጋይንት ልጆች ባደሩበት ክፍል መስኮት ላይ አንድ ጥንድ የራሰ ሸራ ጫማ ተሰጥቷል። ባለቤቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

«ትዕግስት» አለች ይታይሽ ቀስ ብላ። «ሰባቱን ዙር ማን አስሮጠሽ?»

ልጅቷ ተነሥታ ተቀመጠች። «ጋሼ ወልደ ሰንበት። ለክልሉ የሚላክ ሰዓት እይዝልሻለሁ፣ ለማንም አትንገሪ አሉኝ። ‹በቃ እስክልሽ እንዳታቆሚ› አሉ። በመጀመሪያው ዙር እሳቸው በቆሙበት በገደሉ አፋፍ ሳልፍ ‹ጎሽ!› ብለውኛል። በሁለተኛው የሉም። ጉሙ ሸፍኗቸው ነው ብዬ ዞርኩ። በሦስተኛውም የሉም።» እንባዋን በማሊያዋ ጠረገች። «ሩጫዬ አስጠልቷቸው ጥለውኝ የሄዱ መሰለኝ። ግን በቃ ስላላሉኝ እስኪደክመኝ ዞርኩ።»

ስድስት ሰዓት ላይ ይታይሽ ሦስቱንም መምህራን በቤተ መጻሕፍቱ ሰበሰበች። ትዕግስት በአዜብ ጎን ተቀመጠች።

«ሰዓቱን ሳየው ሁለት ሰዓት ከአርባ አንድ ደቂቃ ሮጦ ነበር» ብላ ጀመረች። «ወደ ኋላ ስንቆጥር የተነሣው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዳኛ ሯጭ ሳይኖር ሰዓት አያስነሣም። ሯጯ ይቻት። አንደኛው ዙር ስድስት ደቂቃ ፈጀ፤ ተመዘገበ። ሁለተኛው አልተመዘገበም፤ እሷም ስትደርስ አላገኘቻቸውም። ስለዚህ የወደቁት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ስድስት እስከ አርባ ሁለት ባለው ጊዜ ነው።»

ከማስታወሻዋ አንድ ገጽ ገለጠች።

«ስማቸውና አዜብ በዚያ ሰዓት ብቻችንን ነበርን አሉኝ። ለራሳቸው የሚበጅ ነገር አልፈለጉም። አንድ ሰው ግን አንድ ሰዓት ላይ በሕይወት ሲሄዱ አየኋቸው አለኝ። ሰው እጁን በማያይበት ጉም፣ ከሞቱ ሩብ ሰዓት ካለፋቸው በኋላ። ለምን? የሞቱት እሱ ምስክር ባለው ሰዓት እንዲመስል ነው፤ አንድ ሰዓት ላይ ከሁለታችሁ ጋር ቁርስ ላይ ነበርና። ተሸክመውት ነበር ያለው ባንዲራም የለም፤ ከገደሉ አፋፍም ከሥሩም አላገኘሁም።»

ወደ ዘመኑ ዞረች።

«ከስድስት ዓመት በፊት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰችውን ፋንታዬን ወለተ ሥላሴ በሚለው የክርስትና ስሟ ተማሪ አድርገህ መልሰህ አስመዘገብካት። እሳቸው ግን የሮጠን ልጅ አይረሱም። ዛሬ ሊናገሩ ነበር፤ ነገሩ የሚነካው ደግሞ አንተን ብቻ ነው።»

«ልገፋቸው አላሰብኩም» አለ ዘመኑ። «እንደሚናገሩ ሲነግሩኝ ዝም ይበሉልኝ ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። ሲያስለቅቁኝ ገፈተርኳቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሳስተምር ስሜን የሚያውቅ አልነበረም፤ በእሷ ነው ሰው የሆንኩት።»

«ወርደህ አየሃቸው?»

«አልወረድኩም። የእግር ኮቴ ሰማሁ። ልጅቷ እየመጣች ነበር።»

ትዕግስት ፊቷን በአዜብ ትከሻ ቀበረች።

ቀብሩ በማግስቱ ሆነ። በሟቹ ስልክ ውስጥ ከርዕሳነ መምህራን በቀር የሚደወልለት ሰው አልተገኘም። ፍታቱ አልቆ ግብዓተ መሬት ሲፈጸም ቄሱ እንደ ወጉ «ቤተ ዘመድ ወዲህ ቁሙ፤ ሕዝቡ ያጽናና» አሉ። ሦስት ትምህርት ቤት ሙሉ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ማንም አልወጣም። ቄሱ ደገሙት።

ያን ጊዜ ትዕግስት ከጓደኞቿ መካከል ወጥታ በመቃብሩ ራስጌ ቆመች፤ ነጠላዋን አጣፋች፣ አንገቷን ደፋች። መጀመሪያ አዜብ፣ ቀጥሎ ስማቸው፣ ከዚያም የጋይንት፣ የስማዳ፣ የእስቴ ልጆች አንድ በአንድ እየቀረቡ እጇን ጨበጡ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ይታይሽ ባርኔጣዋን አውልቃ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች።