አካሄዱን ማን ሰጠው?

ውሸታም የሚለኝ ካለ ወረታ ከተማ ይምጣና ወንድሜን ይጠይቀው። እኔ የማወራው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ቀን ዘጠኝ ሰዓት ነው። የ2005 ክረምት፣ ጎንደር መንገድ ዳር፣ የወንድሜ ፎቶ ቤት ውስጥ። ውጭ ባጃጁ ይጮሃል...

ወንድሜ ደሳለው አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ አኒሜሽን ተምሯል። ሥዕል ማንቀሳቀስ ማለት ነው። ተመርቆ ሲወጣ ማን ይቅጠረው? ቴሌቪዥን ጣቢያው "ልምድ አምጣ" አለው። ማስታወቂያ ቤቱ "እንደውልልሃለን" አለው። ይኸው እየደወሉ ነው!

እናም ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ ሰርግ ይቀርፃል። አባታችን ደግሞ "ኮምፒውተሩን ሽጥና ባጃጅ ንዳ" እያለ ይጨቀጭቀዋል።

በስንት መከራ አቶ መንግሥቴ የሚባሉ የግብርና ባለሙያ ካርቱን አዘዙት። የሩዝ ችግኝ በመስመር እንዴት እንደሚተከል የሚያሳይ። ከወደዱት ቋሚ ቅጥር አለ።

ካልወደዱት... ባጃጅ።

ያን ቀን ሊያዩት ይመጣሉ። ደሳለው የሳለው ገበሬ ጀርባውን ሰጥቶ በማሳው ውሃ ውስጥ ይሄዳል።

ግን ያነክሳል።

"ምነው አንካሳ አደረግኸው?" አልኩት።

"እኔ አላደረግሁትም።"

"ታዲያ እኔ ነኝ?"

"ዝም በይ!"

አጠፋው። እንደገና ሳለው። አጫወተው...

ገበሬው ግራ እግሩን ጎተተ። ቆም ብሎ ትከሻውን አከከ።

"ይሄን አልሳልኩም..." አለ ደሳለው በሹክሹክታ።

ይሄኔ እማማ እማዋይሽ የልጃቸውን ፎቶ ሊያሳድጉ መጡ። ልጃቸው አለኸኝ ርብ ወንዝን ሊሻገር ገብቶ ከቀረ ክረምቶች አልፈዋል። ሬሳው አልተገኘም። ደሳለው በሕይወቱ አይቶት አያውቅም።

እማማ ኮምፒውተሩን አይተው ከበሩ አላለፉም።

"አለኸኝ..."

"እማማ፣ ሥዕል ነው" አለ ወንድሜ።

"አካሄዱን ማን ሰጠው? በሬ የረገጠው እግሩ ነው እኮ!"

ፎገራ ሜዳ ላይ ሰው የሚለየው ከሩቅ ነው፣ በአካሄዱ። እናት ደግሞ አትሳሳትም።

"አዙርልኝ ልጄ... ፊቱን ልየው።"

"ፊት አልሳልኩለትም፣ እማማ..."

አቶ መንግሥቴ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ። ደሳለው አጫወተላቸው። ገበሬው ችግኙን አልነካም። እማማ ስሙን ሲጠሩ መሀል ማሳው ላይ ቀጥ አለ። ጆሮውን ወደ እኛ ዘንበል አደረገ...

አቶ መንግሥቴ ግን የታያቸው ሌላ ነው።

"ሞዴል አርሶ አደር አልኩህ እንጂ ሥራ ፈት አልኩህ?"

ጃንጥላቸውን አንስተው ወጡ። አለቀ።

ደሳለው ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። "አንድ ገበሬ! አንድ ገበሬ እንኳ እንደሳልኩት አይሄድልኝም?"

ከዚያ ወዲህ ሥራ እንኳ አላጣም። እማማ አንበሳሜ ላሉ ዘመዶቻቸው ነገሩ። አሁን እናቶች ከአንበሳሜም ከወንዛዬም ይመጣሉ። የጠፋ ልጃቸውን ስም ይነግሩታል፣ ይስላል፣ አካሄዱን አይተው ያለቅሳሉ። አባታችን ባጃጅ የሚለውን ነገር ትቷል።

ደሳለው ግን ሁልጊዜ ይናደዳል። "ለዚህ ነው የተማርኩት? የሞተ ሰው ላስኬድ?"

ባለፈው ማንም ያላዘዘውን ሥዕል ሲሠራ አገኘሁት። ሴት ልጅ ናት።

"ይች ደግሞ ማን ናት?"

"እንጃ... እጄ ነው።"

ልጅቱ ጀርባዋን ሰጥታ እየተጣደፈች ትሄዳለች። ወደ ውሃው።

እናታችን ምሳውን ይዛለት ገባች። እኔ ጥግ ላይ ስለተቀመጥኩ አላየችኝም። ኮምፒውተሩን አየችና ሳቀች።

"አንች ናፍቆት! ወዴት ነው እንዲህ የምትጣደፊው?"

ናፍቆት እኔ ነኝ።

አፌን ከፍቼ "እዚህ ነኝ" ሳልላት...

ልጅቱ ቆመች።